ከነቅርፊቱ የሚበላው ሸርጣን፦ አመራረጡ፣ አጸዳዱና አጠባበሱ

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሳቄ መጣ። ሁለት ቁራጭ ነጭ ዳቦ፣ መሐሉ ላይ አንድ ሙሉ ሸርጣን። እግሮቹ ከዳቦው በግራም በቀኝም ወጥተው ተንጠልጥለዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የባሕር ምግብ ቤት ጓዳ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። «ይኼን ማን ይፈለፍለዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ከጎኔ የነበረው ሽማግሌ ጠባሽ መልስ አልሰጠኝም። ዳቦውን አነሣና ከነእግሩ ከነጀርባው ገመጠው። ኮሽ አለ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሰመር አለፈ። አሁን እኔም ቤቴ እሠራዋለሁ። ጓደኞቼ ገበያ ላይ ቆመው «ይኼኛውን ልግዛ ወይስ ያኛውን?» እያሉ ይደውሉልኛል። አንዳንዱ ደግሞ ገዝቶ ቤት ከገባ በኋላ ነው የሚደውለው፤ «አሁን ይኼ ነገር በሕይወት አለ፣ ምን ላድርገው?» ይላል። ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

ሌላ ዘር አይደለም

ብዙ ሰው «ለስላሳ ሸርጣን» የሚባል የተለየ ዘር ያለ ይመስለዋል። የለም። ያው ሜሪላንድ ውስጥ በእንፋሎት በስሎ፣ በእንጨት መዶሻ እየተቀጠቀጠ የሚበላው ሰማያዊ ሸርጣን ነው። ለየት ያለው ከውኃ የወጣበት ሰዓት ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸርጣን አጥንቱ ውጭ ነው። ሰውነቱ ሲያድግ ቅርፊቱ አብሮት አያድግም። እንደ ልጅ ጫማ ይጠበዋል። ስለዚህ አሮጌውን ቅርፊት ከኋላ በኩል ሰንጥቆ፣ ወደ ኋላው እየተንፏቀቀ ይወጣል። ከሥር የነበረው አዲሱ ቅርፊት እንደ ረጠበ ወረቀት ነው። ያኔ ውኃ እየሳበ ራሱን ይነፋል፤ በአንድ ጊዜ ከቀድሞው መጠኑ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል። ወዲያው ደግሞ መጠንከር ይጀምራል። 12 ሰዓት ገደማ ሲሆነው ቅርፊቱ እንደ ካርቶን ነገር ይሆናል። በማግሥቱ ስትጫኑት ይንኮሻኮሻል። ሦስተኛው ቀን ላይ ያው ድንጋይ ነው። ሴቷ በዕድሜዋ ይህን 20 ጊዜ ያህል ታደርገዋለች።

ሳይንሳዊ ስሙ ካሊኔክቴስ ሳፒደስ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል በግሪክኛ «ቆንጆ ዋናተኛ» ነው፤ ሁለተኛው በላቲን «ጣፋጭ»። ስሙን በ1896 ያወጣችለት ሜሪ ራትበን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት። ቀምሳው ነው እንጂ እንዲህ ብላ አትሰይመውም ባይ ነኝ።

ያችን ሰዓት ማን ያውቃታል? በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መሐል የተዘረጋው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አጥማጆች ያውቋታል። ክሪስፊልድ የምትባለው ከተማ፣ ስሚዝ ደሴትና ታንጂር ደሴት በዚህ ሥራ የኖሩ ናቸው። አጥማጁ ሸርጣኑን ሲይዝ መጀመሪያ የሚያየው የመጨረሻዋን እግር ነው። እንደ መቅዘፊያ የተዘረጋች፣ ለመዋኛ የምታገለግል እግር አለችው። ከጫፉ ሁለተኛው አካል ጠርዝ ላይ ቀጭን መስመር ይታያል። ነጭ ከሆነ ቅርፊቱን ለመጣል እስከ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ሮዝ ከሆነ አንድ ሳምንት ገደማ። ቀይ ከሆነ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን። እንዲህ ያለውን «ፒለር» ይሉታል። ጥልቀት በሌለው ገንዳ ውስጥ ያኖሩትና የባሕሩን ውኃ ያለማቋረጥ ያስገቡለታል። ቀንም ሌሊትም በየጥቂት ሰዓቱ እየዞሩ ያዩታል። መሰንጠቅ የጀመረውን «ባስተር» ይሉና ከሌሎቹ ይለዩታል። ካልለዩት ጎረቤቶቹ ይበሉታል፤ ሸርጣን ለስላሳ ዘመዱን አይምርም። ወጥቶ ሲያበቃ ከውኃው ያነሡታል። ቅርፊቱን የሚያጠነክርበትን ካልሲየም በብዛት የሚያገኘው ከውኃው ነው፤ ከውኃ ሲወጣ መጠንከሩም እዚያው ላይ ይቆማል።

ስለዚህ የምትከፍሉት ዋጋ ሌሊት ሙሉ ሳይተኛ ገንዳ ሲጠብቅ ላደረ ሰው ነው። ለምን ከጠንካራው ይወደዳል ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ይኼው ነው።

«እኛስ ድልድይ ላይ ቆመን በዶሮ አንገት አንይዘውም?» ያለኝ ጓደኛ ነበር። አይያዝም። ቅርፊቱን ሊጥል የተቃረበ ሸርጣን መብላት ያቆማል፤ የዶሮ አንገት አያታልለውም። ባለሙያዎቹ ሌላ ዘዴ አላቸው። ወጥመዱ ውስጥ ለማማለያ ጎረምሳ ወንድ ሸርጣን ያስገባሉ። ሴቷ ለአቅመ ሔዋን የምትደርስበትን የመጨረሻውን ቅርፊት ልትጥል ስትል ወንድ ፍለጋ ትሄዳለች፣ ሰተት ብላ ትገባለች። መብላት ማቆሙ ለበላተኛውም ጥሩ ነው፤ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው ሙሉውን መብላት የሚቻለው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር

አንደኛው አለርጂ ነው። ሽሪምፕ ሲበላ ከንፈሩ የሚያብጥ ወይም ጉሮሮው የሚያሳክከው ሰው ይህን አይሞክር። ከሁለቱም የሚገኘው አለርጂ ቀስቃሽ ፕሮቲን ተመሳሳይ ነው። እዚህ ደግሞ ቅርፊቱም አብሮ ይበላል። እንግዳ ጠርታችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ሃይማኖት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከውኃ ፍጥረት ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ ብሉ ይላል። ብዙው የእኛ ኦርቶዶክስ በዚሁ ያድራል፤ ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ። በሙስሊሞች ዘንድ በሐነፊ መዝሃብ (የሕግ ፈለግ) አይበላም፤ በሌሎቹ የሚፈቅዱ አሉ። «ሸርጣንማ ቅርፊት አለው!» ብሎ የተከራከረኝ ሰው አለ። የዓሣ ቅርፊትና የሸርጣን ቅርፊት በአማርኛ ስማቸው አንድ ሆነ እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። ይኼኛው ደግሞ ያንኑም አውልቆ ጥሎ ነው የመጣው። እኔ ማንንም አልገፋም። የማይበላ ዘመድ ሲመጣ ለብቻው ቲላፒያ እጠብሳለሁ፣ በሌላ መጥበሻ።

አመራረጥ

በቼሳፒክ ወቅቱ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው፤ በእኛ ከግንቦት እስከ መስከረም መጀመሪያ። ውኃው ሲሞቅ የብርዱን ወራት ጭቃ ውስጥ ያሳለፈው ሸርጣን ይነቃና መጀመሪያ ቅርፊቱን ይጥላል። አጥማጆች የሜይን ሙሉ ጨረቃ ይጠብቃሉ፤ ብዙው ሸርጣን ቅርፊቱን የሚጥለው በዚያ ሰሞን ነው ይላሉ። የኔም ምክር በዚያ ሰሞን ግዙ ነው።

ዋሽንግተን ያላችሁ ዋርፍ ላይ ያለውን የዓሣ ገበያ ታውቁታላችሁ። ከ1805 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው። ሳጥኖቹን ስትከፍቱ ሸርጣኖቹ በረጠበ ወረቀት ወይም በባሕር ሣር ላይ በተርታ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። አትፍሯቸው። ቅርፊቱ ለስላሳ የሆነ ሸርጣን መቆንጠጥ አይችልም፤ እጆቹም ለስላሳ ናቸው።

ሻጩ ፊት እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ በሕይወት መኖሩን እዩ። ጠንካራው ሸርጣን ሲነኩት ይዋጋል። ይኼኛው ደካማ ነው፤ እግሩን በቀስታ ያንቀሳቅሳል፣ አፉ አካባቢ ትንንሽ አረፋ ያወጣል። በጣት ዓይኑ አጠገብ ስትነኩት ትንሽ ከተነቃነቀ ይበቃል። ጭራሽ ካልተነቃነቀ ተዉት።

ከዚያ አሽትቱ። የባሕር ሽታ፣ ንጹሕ የጨው ሽታ ሊኖረው ይገባል። እንደ ሽንት ወይም እንደ አሞኒያ ከሸተተ ዋጋውን በግማሽ ቢቀንሱላችሁም ጥላችሁ ሂዱ። እኔ አንድ ጊዜ ቅናሽ አሳስቶኝ ከአንድ ሱቅ አንድ ደርዘን ገዛሁ። ቤት ስደርስ ስድስቱ ሞተው ሁለቱ መሽተት ጀምረው ነበር። ሙሉውን ወደ ቆሻሻ።

ቀጥሎ ዳብሱት። ጀርባውን በአውራ ጣት ጫን በሉት። እንደ ረጠበ ወረቀት ወይም እንደ ስስ ቆዳ መሆን አለበት። ከተንኮሻኮሸ ሰዓቱ አልፎታል። ይበላል፣ አይጎዳም፣ ግን ጥርስ ላይ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። ብዙ ሰው «ለስላሳ ሸርጣን በላሁ፣ አልወደድኩትም» የሚለው እንዲህ ዓይነቱን በልቶ ነው።

መጠኑ የሚለካው በጀርባው ስፋት፣ ከአንዱ ሹል ጫፍ እስከ ሌላው ነው። ከ3 ኢንች ተኩል እስከ 4 ያለው ሚዲየም ይባላል። እስከ 4 ተኩል ሆቴል፣ እስከ 5 ፕራይም፣ እስከ 5 ተኩል ጃምቦ። ከዚያ በላይ ያለውን «ዌል» ይሉታል፣ ዓሣ ነባሪ ማለታቸው ነው። አበሻ ሲገዛ ትልቁን ነው የሚመርጠው፤ እኔም እንደዛ ነበርኩ። አሁን ግን ፕራይም ነው የምገዛው። ዌሉ መሐሉ ሳይበስል ዳሩ ያርራል፤ ውስጡም ውኃማ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ፕራይም ይበቃል። ዳቦ ውስጥ ከሆነ አንድ።

ወንድ ይሁን ሴት ጣዕሙ ላይ ለውጥ አላየሁም። ለማወቅ ብቻ ከሆነ ገልብጡትና ሆዱን እዩ። የወንዱ ሆድ ላይ ያለችው ክዳን ቀጭንና ረጅም ናት፤ እዚህ አገር «የዋሽንግተን ሐውልት» ይሏታል። የደረሰችው ሴት ሰፊና ክብ ናት፤ እሷን ደግሞ «የካፒቶል ጉልላት» ይሏታል። ያልደረሰችዋ ሦስት ማዕዘን ናት። ልጆቼ ይህን ካወቁ ጀምሮ ዓሣ ገበያ ስንሄድ ሳጥን ላይ ተደፍተው ነው የሚውሉት።

ቤት ሲገባ

በዚያው ቀን ብትሠሩት ነው የሚሻለው። ካልሆነ አንድ ሌሊት፣ ግፋ ቢል ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ በሕይወት ይቆያል። ሰፊ ትሪ ላይ የረጠበ ጋዜጣ አንጥፉ፣ ሸርጣኖቹን ሳትቆልሉ በሆዳቸው አስተኟቸው፣ ከላይ የረጠበ ጨርቅ አልብሷቸው። ላስቲክ ውስጥ አትቋጥሯቸው፤ ታፍነው ይሞታሉ። የቧንቧ ውኃ ባልዲ ውስጥ አትክተቷቸው። ብዙ ሰው አዝኖላቸው የሚሠራው ስሕተት ይኼ ነው። ውኃ ከሞላችሁላቸው እዚያው ያልቃሉ።

አጸዳድ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸሸው። ሻጩን ብትጠይቁት ያጸዳላችኋል፤ ብዙዎቹ በነጻ ነው። ቤታችሁ ቅርብ ከሆነ እዚያው አስጸድታችሁ፣ በበረዶ ይዛችሁ፣ ወዲያው ጥበሱት። ነገር ግን ከተጸዳ በኋላ ውኃው እየፈሰሰ ይመነምናል። ከመጥበሻው ጋር ያለው ርቀት ባጠረ ቁጥር ይሻላል። ስለዚህ ራሳችሁ ልመዱት። አንዱ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

የሚያስፈልገው ስለታም የወጥ ቤት መቀስ ብቻ ነው። ቢላዋ ሥጋውን ይጨፈልቀዋል። ከመጀመራችሁ በፊት ሸርጣኖቹን በረዶ ላይ ለ20 ደቂቃ አስቀምጧቸው፤ ይደነዝዛሉ። ለእነሱም ለእናንተም ይቀላል።

ፊቱ ይቀድማል። ሸርጣኑን በግራ እጃችሁ ከኋላ ያዙት። መቀሱን ከዓይኖቹ ጀርባ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ ቁረጡ። ዓይኑም አፉም አብሮ ይወገዳል። የሚሞተው በዚህ ነው፣ ስለዚህ አታመንቱ። ከተቆረጠው በኩል በጣት ጫን ስትሉት አንዲት ትንሽ ከረጢት ትወጣለች። ጨጓራው ናት፤ ጣሏት። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ለጥ ያለ ነገርም ብቅ ይላል። «መስተርድ» ይሉታል እንጂ ሰናፍጭ አይደለም፤ የጉበት ሥራ የሚሠራ አካሉ ነው። አንዳንዱ እንደ ልዩ ነገር ይበላዋል። የውኃው ብክለት የሚጠራቀመው ግን እሱ ላይ ነው። እኔ የወጣውን ያህል ገፍቼ አጥበዋለሁ።

ቀጥሎ ስንጥቡ ነው፣ ማለትም የሚተነፍስበት። የጀርባውን አንድ ሹል ጫፍ እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ላይ ግለጡት። አይቀደድም፣ ገር ነው። ከሥሩ ግራጫማ፣ ረጃጅም፣ እንደ ላባ የተደረደሩ ነገሮች ታያላችሁ። አጥማጆች «የሙት ጣቶች» ይሏቸዋል፤ መርዝ ናቸው የሚል ወሬም አለ። መርዝ አይደሉም። ግን እንደ ስፖንጅ ናቸው፣ ይመርራሉም። ከሥራቸው በመቀስ ቁረጡና አውጧቸው። ሽፋኑን መልሱት። በሌላው ጎንም እንዲሁ።

መጨረሻ ገልብጡት። ሆዱ ላይ የታጠፈችውን ክዳን አጥማጆቹ በራሳቸው ቋንቋ ሽርጥ ይሏታል። የሸርጣን ሽርጥ! በጥፍራችሁ ቀና አድርጋችሁ ከሥሯ ጠምዝዛችሁ ንቀሏት። አብራ ቀጭን ክር ትመጣለች፤ አንጀቱ ነች።

አለቀ። በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ አድርጉትና በሶፍት አድርቁት። ማድረቁን አትዝለሉ። ላይ ታች፣ በእግሮቹ መሐል፣ በሽፋኑ ሥር። ሦስት ጊዜ ሶፍት ቀይሩ። ለምን እንደማለፋችሁ አሁን ትሰማላችሁ።

አጠባበስ

ይህ ፍጥረት ውኃ ጠጥቶ የተነፋ ነው አልኩ። ያ ውኃ የጋለ ዘይት ሲያገኝ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል። ቀኝ ክንዴ ላይ ያለችው ጠባሳ ከመጀመሪያው ሰመሬ የቀረች ናት። ስለዚህ ከመጥበሳችሁ በፊት በመርፌ ወይም በቢላዋ ጫፍ ሁለቱን ቆንጣጭ እጆች፣ ወፋፍራሞቹን እግሮችና ጀርባውን ሁለት ሦስት ቦታ ውጉ። እጅጌያችሁን አውርዱ፣ ልጆችን ከምድጃው አርቁ፣ ሰፊ ወንፊት ካላችሁ መጥበሻው ላይ ድፉ። ክዳን አትክደኑ። ክዳን እንፋሎቱን ይዞ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል፤ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ለአራት ሸርጣን፦ አንድ ኩባያ የፍርኖ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ኦልድ ቤይ። ኦልድ ቤይ የሜሪላንድ ሰዎች በሁሉ ነገር ላይ የሚነሰንሱት ቅመም ነው። በ1939 ባልቲሞር ውስጥ ሥራውን የጀመረው ጉስታቭ ብሩን የሚባል፣ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ የመጣ አይሁዳዊ ቅመም ነጋዴ ነው። የራሱ ጨው ስላለው ሌላ ጨው ቆንጠር ብቻ አድርጉ። ኦልድ ቤይ ካጣችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ትንሽ ፓፕሪካ ይበቃል።

በርበሬ ዱቄቱ ውስጥ መጨመር ለሚያምራችሁ፦ ሞክሬዋለሁ፣ አትልፉ። በርበሬ ሽንኩርት ላይ ነው የሚያምርበት። ዘይት ውስጥ በአንድ ደቂቃ አርሮ ይመርራል። ሚጥሚጣ ግን ከመጥበሻው ከወጣ በኋላ ነስንሱበት፤ ከሎሚ ጋር ድንቅ ነው።

ሸርጣኖቹን ወተት ውስጥ አሥር ደቂቃ የሚዘፈዝፉ አሉ። ዱቄቱ እንዲይዝ ይረዳል። እኔ ትቼዋለሁ፤ ደረቅ ሸርጣን ላይ ደረቅ ዱቄት ስስ ሆኖ ይቀመጣል። እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ የሚያለብሱም አሉ። ያኔ የምትበሉት ፍርፋሪውን ነው።

ሰፊ ከባድ መጥበሻ ጣዱ፤ የብረት ቢሆን ይመረጣል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ። እዚህ ላይ እኛ ከአሜሪካኖቹ እንበልጣለን። የእነሱ ቅቤ ውስጥ ወተት ስላለ ቶሎ ያርራል። ንጥር ቅቤ አያርርም። ግን ኮረሪማና ኮሰረት የገባበትን ወጥ ቤት ያለውን አይደለም። እሱ የሸርጣኑን ጣዕም ይውጠዋል፤ ሸርጣኑ ለዘብ ያለ፣ ጣፈጥ የሚል ነገር ነው። ያለ ቅመም የተነጠረ ቅቤ አዘጋጁ።

ዱቄቱን የምታለብሱት መጥበሻው ከጋለ በኋላ ነው። ቀደም ብሎ የተነከረ ሸርጣን ውኃ ያወጣና ዱቄቱ ሊጥ ይሆናል። አንዱን አንሥታችሁ ዱቄቱ ላይ ገልብጡት፣ ደህና አድርጋችሁ አራግፉት፣ ጀርባውን ወደ ታች አድርጋችሁ አስገቡት። በአንድ ጊዜ ሁለት ብቻ። አራቱን ካጨናነቃችሁ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

እሳቱ መካከለኛ፣ ወደ ላይ ያጋደለ ይሁን። ሦስት ወይም አራት ደቂቃ አትንኩት። ድምፁን ስሙ። መጀመሪያ ይንጣጣል፣ ከዚያ ጸጥ እያለ ይሄዳል። ጸጥ ሲል ውኃው እያለቀ ነው። ጀርባው ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን በረጅም መያዣ ገልብጡት። ሌላ ሦስት ደቂቃ። እግሮቹ እንደ ቆሎ ከደረቁ፣ መሐሉ ሲጫኑት ጠንከር ካለ ደርሷል። ጥርጣሬ ካላችሁ አንዱን ለሁለት ቁረጡ። ውስጡ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ጥሬ ነው። ነጭ መሆን አለበት፤ በቴርሞሜትር 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። በሞቃት ወራት ውኃው ውስጥ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ ስለሚበዛ ጥሬውን ለመቅመስ አትሞክሩ። የነካችሁበትን መቀስና ጣውላም በሳሙና እጠቡ።

በጥልቅ ዘይት መጥበስ ከመረጣችሁ ዘይቱ 180 ዲግሪ ይድረስ፤ የአሜሪካ ቴርሞሜትር ላይ 350 ገደማ ነው። አራት ደቂቃ በቂ ነው። እግሮቹን ያዝ አድርጋችሁ መጀመሪያ እነሱን ብቻ ንከሩ፣ ቆይታችሁ ሙሉውን ልቀቁት። እግሮቹ ተዘርግተው ይደርቃሉ፤ ሳህን ላይ ያምራል። ሱሺ ቤት ሸረሪት መሳይ እግር ከጥቅሉ ወጥቶ የምታዩት በዚህ መንገድ የተጠበሰ ነው።

ሲወጣ ሶፍት ላይ አታስተኙት፤ ከሥሩ ይልማል። የብረት ፍርግርግ ላይ አስቀምጡት። ጨው ቆንጠር፣ ሎሚ፣ ሚጥሚጣ። ወዲያው ይበላ። አሥር ደቂቃ ከቆየ ያ ኮሽታ የለም። እንግዳ ሲኖረኝ ሰውን መጀመሪያ አስቀምጣለሁ፤ ሸርጣኑ ሰውን አይጠብቅም።

ባሕረ ሰላጤው ዳር ያሉት ነጭ ስላይስ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ሰላጣና ማዮኔዝ አድርገው ይበሉታል። እኔም ከዚያ አልወጣም። በእንጀራ ሞክሬ ነበር። እንጀራው እንፋሎቱን ይጠጣል፣ ሸርጣኑ ይልማል፣ ሁለቱም ያዝናሉ።

ትኩሱን ለማታገኙት

ዱባይ፣ ለንደን ወይም ስቶክሆልም ላላችሁ ትኩስ ሰማያዊ ሸርጣን ማግኘት ከባድ ነው። የእስያ ምግብ መደብር ፍሪዘር ውስጥ ግን በካርቶን የታሸገ ታገኛላችሁ። ብዙው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚመጣ የጭቃ ሸርጣን ነው። እያንዳንዱን በየራሱ የፕላስቲክ ሳጥን ውኃ ላይ አንሳፍፈው ያሳድጉታል፣ ቅርፊቱን ሲጥል ለቅመው ያቀዘቅዙታል። አብዛኛውን ጊዜ የተጸዳ ነው፤ ግን ሽፋኑን ገልጣችሁ ስንጥቡን ፈትሹ። ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ይቅለጥ። ሲቀልጥ ብዙ ውኃ ስለሚያወጣ ማድረቁ ላይ እጥፍ ልፉ።

ቬኒስ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁ አላችሁ። በፀደይና በመኸር የሚወጣ ትንሽ ሸርጣን ነው፤ «ሞኤኬ» ይሉታል። እዚያ በሕይወቱ የተመታ እንቁላል ውስጥ ይከቱታል፣ እንቁላሉን ጠጥቶ ሲሞላ በዱቄት ነክረው ይጠብሱታል። ለዚያ እኔ ሆድ የለኝም።

ወቅቱ ሲያልቅ እንዳይናፍቃችሁ ራሳችሁ ማቀዝቀዝ ትችላላችሁ። በሕይወት ያለውን አጽዱ፣ አድርቁ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ አጥፉ። እያንዳንዱን ለየብቻ በስስ ላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ አየር እንዳይቀር። ከዚያ ሁሉንም በወፍራም የፍሪዘር ከረጢት ውስጥ ጨምሩና ቀኑን ጻፉበት። ሦስት ወር ያህል ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በኋላ እግሮቹ መድረቅ ይጀምራሉ። የሞተውን ግን አታቀዝቅዙ፣ ወደ ቆሻሻ።

የተጠበሰ ከተረፈ ማታውኑ ፍሪጅ አስገቡና በማግሥቱ በጋለ ኦቨን አምስት ደቂቃ አሙቁት። ማይክሮዌቭ ውስጥ ከከተታችሁት እርጥብ ካልሲ ነው የምታወጡት።